ከአጥሩ ሥር የተቀበረች ላም

ባለፈው ሰሞን ከከተማው ጽሕፈት ቤት ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጡ። ሁለቱም አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ ፌስታል ተሥሏል። ልጅቷ ቁጭ ካለች በኋላ፣ «እማማ፣ ድሮ ፌስታል ሳይኖር እንዴት ትኖሩ እንደነበር ለሰዉ ቢነግሩልን» አለችኝ። «ምን እንዴት አለው? እንኖር ነበር» አልኳት። ልጁ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሥራዋ ነው። በማግስቱ በመኪና ወስደው አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ከሰል ተቀጣጥሎ ጠበቀኝ። አንድ የኮባ ቅጠል እሳቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እያደረግሁ ለበለብሁ፤ ቅጠሉ ሲለሰልስ ቅቤ እንዴት እንደሚጠቀለልበት፣ በቃጫ እንዴት እንደሚታሰር አሳየኋቸው። አጨበጨቡ። ሁሉም ፊታቸው የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አስቀምጠው ነበር፤ ለእኔም አንድ አቀበሉኝ። ስለ ዘንቢሉም፣ ስለ ቅሉም ተናገርሁ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስሁ፤ ያልጠየቁኝን አልተናገርሁም። የተለበለበው ኮባ ሽታ ግን ከልብሴ ሳይለቅ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ይህን የምጽፈው እሱ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

አየለች ሞታለች። ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ አልልም። እሷ እኔ ቆሜ እየሄድሁ ስታወራብኝ «ተይ» ያላት ሰው ስላልሰማሁ፣ ምክሩን ለሌላ ያቆዩልኝ።

ዘመኑ የድሮው መንግሥት ወድቆ አዲሶቹ ከገቡ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። ልቁጠር ብል እሳሳታለሁ፤ ቅቤ ኪሎው ከሃያ ብር ሲያልፍ «እንግዲህ ደረቁን ልንበላ ነው» የተባባልንበት ጊዜ እንደነበር ግን አውቃለሁ። የሆሳዕና መናኸሪያ በዝናብ ወራት ጭቃው ጫማ ያወልቅ ነበር። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጠዋት ሲነሳ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ያንኑ አንድ ዘፈን ከማለዳ እስከ ማታ ይደጋግማል፤ በሩ ላይ ከሰልባጅ የተገዛ ሰፊ ጂንስ የለበሱ ጎረምሶች ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። እኛ ሴቶቹ የላስቲክ ጫማ አድርገን፣ ሻሽ አስረን፣ ዘንቢላችንን በክንዳችን ይዘን በመሃላቸው እናልፋለን። ስኳር ከአሮጌ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው፤ ቤት ወስደን ስንፈታው የማናውቀው ልጅ የሂሳብ ስህተት ከነቀዩ እርማት ይወጣል። ጋዝ በጠርሙስ ይገዛል፤ ክዳኑ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ሥጋ በኮባ፣ ቅቤ በኮባ፣ ቆጮ በኮባ። ሰው ከገበያ ሲመለስ ምን እንደገዛ ጎረቤት አያውቅም፤ ዘንቢል ምስጢር ይጠብቃል። ዛሬ ሰው ሁሉ እራቱን በስስ ላስቲክ አንጠልጥሎ ሲያልፍ ሳይ እርቃኑን የሚሄድ ይመስለኛል።

ባሌ ቀደም ብሎ ስለሞተ አንዲቷን ልጄን ማርታን ያሳደግኋት በቅቤ ንግድ ነው። ከገጠር ሴቶች እገዛለሁ፤ አንዳንዴ ፎንቆ ገበያ ድረስ እሄዳለሁ፤ አጥቤ፣ በተለበለበ ኮባ ጠቅልዬ ሆሳዕና ላይ እሸጣለሁ። በሰፈራችን ዊጆም ነበረን። ዊጆ ማለት የቅቤ ዕቁብ ነው፤ ሴቶች በየሳምንቱ ከላማቸው ያገኙትን ቅቤ አምጥተው ተራ ለደረሳት ይሰጣሉ፣ ለመስቀል አንዲትም ሴት ባዶ እጇን እንዳትቀር። የዊጆውን ቅቤ ተቀብዬ፣ መዝኜ፣ የምጠቀልለው እኔ ነበርሁ። በዊጆ ቅቤን ለማንም አያስነኩም። ያመኑትን ብቻ ነው የሚያስነኩት።

አሁን የምናገረውን ልብ በሉ። ቅቤ ከተፈታ በኋላ ኮባው አይጣልም፤ ለላም ይሰጣል። ቅቤ የነካ ቅጠል ላም እንደ ጨው ትወደዋለች። በእኛ ቤት ላሟ የምትታሰረው እዚያው ቤት ውስጥ፣ በዝቅተኛው ወገን ነው። ስለዚህ ቅቤ የምትፈታ ሴት ፊቷን ዞር አታደርግም፤ ቀኝ እጇ ቅቤውን ሲይዝ ግራ እጇ ቅጠሉን ወደ ኋላ፣ ወደ ጋጣው ይወረውራል፤ ከኋላዋ ላሟ ስትቀበል ትሰማለች። እናቶቻችን ይህን ቁጭ አድርገው አላስተማሩንም። እጃችን ነው ያወቀው።

አየለች አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ ጡሞሮ የአዲስ አበባ መስመር ሹፌር ስለነበር አዲስ ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሷ ቤት ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ቢጫ ፌስታል ይዞላት መጣ፤ ወፍራም፣ በጎኑ ቀይ ጽጌረዳ የታተመበት። እንዲህ ያለ ፌስታል በሰፈሩ ሌላ ሰው አልነበረውም። መጀመሪያ አጥባ አጥሯ ላይ ታሰጣው ነበር፤ እኛም እንድናይላት። ጡሞሮ በየጊዜው ሲጨምርላት ማጠቡን ተወችው። የዊጆ ቅቤዋን በእሱ ቋጥራ ማምጣት ጀመረች።

«አንቺ ዛሬም ቅጠል ትለበልቢያለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት። «ፍየል አደረግሽን እኮ።»

«ፍየልስ ብትሆኚ ቅጠልና ላስቲክ ትለዪ ነበር» አልኳት።

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ጥርሷ ግን ብቻውን ነው የሳቀው። ቅቤ በላስቲክ ያልበዋል፤ ሽታው ይለወጣል። ይህን ነገርኋት፣ ቅናት መሰላት። ብዙም ሳይቆይ ስሱ ጥቁር ፌስታል በየሱቁ ተንጠለጠለ፤ አንዱ አሥር ሳንቲም፣ ኋላ ደግሞ ዕቃ ለገዛ በነጻ። ገበያ ላይ ሰዎች ኮባዬን እያዩ «ፌስታል የለሽም?» ይሉኝ ጀመር። ለአንድ ጊዜ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ቤት ሲደርሱ ይጥሉታል። የነፋሱ ወራት ሲገባ እንሰቱ ሁሉ ጥቁር ጨርቅ ለበሰ። አመሻሽ ላይ ከጓሮዬ ሆኜ ስመለከት እንሰቱ መሃል ሰዎች ጎንበስ ብለው የተቀመጡ ይመስለኝ ነበር፤ ነፋስ ሲነካቸው ይነሳሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ። ማርታን «እዚያ ማን ነው?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ፌስታል ነው እማዬ» ትለኛለች። ፌስታል መሆኑን እያወቅሁም በዚያ በኩል ማለፍ ተውሁ።

ማርታ ያን ጊዜ ታጭታ ነበር። ልጁ ሉቃስ ይባላል፤ ሆመቾ ከምትባለው ከተማ ነው፣ መምህር። የእሱም ቤተሰብ እንደ እኛ ካቶሊክ ነው፤ ሽማግሌ መጥቶ፣ ተነጋግረን፣ ከፋሲካ በኋላ ተብሎ ተቆርጦ ነበር። እኔ ለሠርጉ ቅቤ ማከማቸት ጀምሬያለሁ።

አየለች ደግሞ ጡሞሮ የገዛላት የፈረንጅ ዘር ያላት ላም ነበረቻት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ። አንድ ቀን ጠዋት አጥሩ ሥር ቆሜ ላሟን አየሁ። ታመነዥካለች። ከአፏ ጎን አንድ ቢጫ ነገር ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ስታኝክ ይገባል፣ መልሶ ይወጣል። ሁለተኛ ምላስ ያበቀለች መሰለኝ። ቆሜ ሳይ ያ ምላስ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ፤ ላሟም ዋጠችው።

«አየለች፣ ላምሽ አፍ ውስጥ የገባው ምንድን ነው?» አልኋት።

ከቤት ወጣች። ላሟን አላየችም፤ ያየችው እኔን ነው። «ምን አስቁሞሽ ነው በጠዋት የላሜን አፍ የምትመለከቺው?»

«ላስቲክ የዋጠች መሰለኝ።»

«ላስቲክ እንኳ አይቀርሽም?» ብላ ላሟን ጎትታ አስገባቻት።

ከዚያ በኋላ ላሟ መክሳት ጀመረች። ትበላለች፣ ትከሳለች። ጎኗ ግን እየተነፋ ሄደ። ወተቷ ቀነሰ፣ ጠፋ። ስትተኛና ስትነሳ ከሆዷ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማዋለሁ። ደረቅ ቅጠል ላይ ሰው በጣቱ ቆሞ ሲሄድ እንደሚሰማው ያለ ኮሽታ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደጅ ሲያወጧት ሌላ ቦታ አለመሄዷ ነው። ወደ አጥሩ ትመጣለች፣ አንገቷን አስገብታ ወደ እኔ ጓሮ ታያለች። እኔ ስወጣም ትቆማለች፣ ስገባም ትቆማለች። ዓይኗ ትልቅ፣ እርጥብ፣ የሚለምን ነው። እኔ ጓሮ የተቆረጠ ኮባ ስለማይጠፋ ሽታው ስቧት ይሆናል። ሰፈሩ ግን ሌላ ነው ያለው። «የበላቻትን ታውቃለች» አሉ። ይህን በቋንቋችን በሀዲይሳ ነው የተናገሩት፤ በአማርኛ ስጽፈው ትንሽ ይለዝባል።

ላሟ ተኝታ መነሳት ያቃታት ቀን ጡሞሮ ቢላ ስሎ ወጣ። ሳትሞት ትባረክና ሥጋዋን ሰፈሩ ይከፋፈለው አለ። ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። እኔም ሄድሁ፤ መሄድ አልነበረብሽም የሚሉኝ አሉ። ብቀር ደግሞ «ፈርታ ቀረች» ይሉ ነበር። አየለች ቢላውን ከባሏ እጅ ቀማች።

«ዓይን የገባባት ላም አትበላም» አለች። «ከነቆዳዋ ትቀበር።»

ጡሞሮ፣ «ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ሥጋ?» አላት።

«አትበላም አልሁ።»

እኔ ከሰዉ መሃል ወጣሁ። «እሺ አትብሏት። ቅበሯት። ግን አስቀድማችሁ ሆዷን ክፈቱት። ምን እንደገደላት ሁላችንም እንይ።»

አየለች ቢላውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«በልተሽ ስታበቂ ደግሞ አንጀቷን ልታዪ ነው?»

አንድ ሰው እንኳ «ምን ክፋት አለው፣ ክፈቱት» ቢል ኖሮ የእኔም የልጄም ሕይወት ሌላ በሆነ። የዊጆ ሴቶች ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ ቅቤያቸውን በእጄ የሚሰጡኝ። መሬት መሬት አዩ። ላሟ እንደተኛች እኔን ታየኝ ነበር፤ እዚያው እያየችኝ ሞተች። ከነቆዳዋ ቀበሯት፤ የቀበሯትም ከግቢያቸው ዳር፣ ከእኔ አጥር ሥር ነው። ለምን እዚያ እንደመረጡ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ቡዳ የሚለውን ቃል ማንም ፊት ለፊት አላለኝም። ቃሉ በፊት ለፊት አይመጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ለዊጆ እንዲሰበሰቡ ስጠብቅ አንዲት ሴት መጥታ፣ «የማርታ እናት፣ ሥራ በዝቶብሻል፤ ቅቤውን አየለች ትያዘው ተባብለናል» አለችኝ። ሥራ አልበዛብኝም ነበር። ገበያ ላይ ኮባዬን ፈትተው ያዩና መልሰው ያስሩታል። ወተት የምትንጥ ቤት ስገባ ክዳን ፍለጋ ሩጫ ይሆናል። የሆመቾው ሽማግሌ አቶ ኤርሲዶ የመጡት በዚያው ወር ነው። ቁጭ አላሉም፤ በረንዳ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ።

«የማርታ እናት፣ ልጁ ትምህርቱን ሊቀጥል ነው አሉ።»

«ጋብቻ ትምህርት ይከለክላል እንዴ?»

«እኔ የተላክሁትን ነው።»

«የተላኩትን ነገሩኝ። ያልተላኩትን ይንገሩኝ።»

ወተት በብርጭቆ አቀረብሁላቸው። ብርጭቆውን አዩና፣ «ጾም ነው» አሉኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ዐቢይ ጾምም አልገባም። ማርታ ከበሩ ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። ለሠርጉ የተሰበሰበውን ቅቤ አንድ በአንድ ፈትታ፣ ኮባውን ላማችን ፊት ወርውራ፣ ቅቤውን አንጥራ በማሰሮ ከታ ገበያ ወሰደችው። ከተማው ግን ቅቤው የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይዛው ተመለሰች። በዓመቱ ዱራሜ ነርስነት ልትማር ሄደች፤ እዚያው ተቀጠረች፤ እዚያው ቀረች። አላገባችም። ጠይቄያት አላውቅም።

እኔ ከዚያች ላም ጋር ቀረሁ። ያ መሬት እንደ ሌላ መቃብር አልሰጠመም። የሞተ ነገር ሲበሰብስ አፈሩ ይወርዳል፤ ይህኛው እንዳበጠ ቆየ። ክረምት ሲገባ ውሃውን አይመጥጠውም፤ እላዩ ላይ ኩሬ ሆኖ ይተኛል፤ ከኩሬውም አንድ አንድ አረፋ ይወጣል፣ ትንፋሽ እንደሚያወጣ ሰው። አጥሩ ሥር የተተከለው እንሰቴ ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። አየለች ለሰው «ላሜ እዚያ ሆና እስከ ዛሬ ታመነዥካለች» ትል ነበር አሉ። ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አልቆየም፤ ምክንያቱም ከዝናብ በኋላ ሁሉ ጸጥ ሲል ያን ኮሽታ እኔም ሰምቼዋለሁ። መሬት ውስጥ ነው፣ ዝግ ያለ ነው። ለማንም አልተናገርሁም። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል፤ ካመኑኝም ይብስብኝ ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ። ጡሞሮ ሞተ። ከተማው ሰፋ፤ መንገዱ ላይ ኮብልስቶን ተነጠፈ፤ ካሴት ቤቱ ሞባይል መጠገኛ ሆነ። ፌስታሉ ግን እንደበዛ ቀረ፤ ቦዩን ደፍኖ ጎርፉ ቤት ይገባ ጀመር። የአየለች ልጅ ተስፋዬ ብሎኬት ቤት ሊሠራ ተነሳና ከአጥሬ ሥር የመጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፈረ። ቡና እየቆላሁ ሳለ የዶማው ድምፅ ቆመ። ወጥቼ ሳይ ቆፋሪው ከጉድጓዱ ወጥቶ ዶማውን እዚያው ትቶ ቆሟል። ተስፋዬ «ምን ሆንህ?» ይለዋል። ሰውየው፣ «እታች ሆድ አለ» አለው። ተመልሶም አልገባም።

ሰው ተሰበሰበ፤ እኔም በአጥሩ ቀዳዳ ገባሁ። የሚከለክለኝ አልነበረም። ሥጋው አፈር ሆኗል። አጥንቱ ጠቁሮ ሲነኩት ይፈረፈራል። በጎድን አጥንቶቹ መሃል ግን ያ ነገር ሙሉውን ተቀምጧል፤ የጨጓራ ቅርጽ እንደያዘ፣ የሰው ክንድ የማያቅፈው። ሁለት ሰዎች በገመድ አወጡት። ሲያወጡት ትንፋሽ ወጣው፤ የከረመ ቅቤ ሸተተን፤ ከዚያም ያ ኮሽታ ተሰማ፤ ያ የማውቀው። ተስፋዬ በአካፋ ገለጥ አደረገው። ፌስታል ነው። ፌስታል በፌስታል ላይ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፤ ጥቁሩ ጥቂት፣ የቀረው ሁሉ ቢጫ። ጽጌረዳው ቀይ ነው፤ ዛሬ የታተመ ይመስላል። ላሟ ጠፍታ፣ እንሰቴ ደርቆ፣ እኛ አርጅተን፣ አበባው አልጠወለገም።

ከዊጆ ሴቶች አንዷ፣ ያቺው «ሥራ በዝቶብሻል» ያለችኝ፣ አጎንብሳ አየችና፣ «ይሄ የአየለች ፌስታል ነው» አለች። ሌላ ማንም እንዲህ ያለ እንዳልነበረው ሁላችንም እናውቃለን። ቅቤዋን ስትፈታ ግራ እጇ ወደ ኋላ፣ ወደ ጋጣው ሲወረውር ሁሉም ሰው ዓይኑ ላይ መጣበት፤ እኔ ፊታቸው ላይ አየሁት። አየለችን ደግፈው አመጧት። በምርኩዟ ተደግፋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«አፈር መልሱበት» አለች።

ተስፋዬ፣ «እማዬ፣ ሰው እኮ አየው» አላት።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፤ ይቅር በይ አሉኝ። ካሳም ጠቀሱ፤ ተስፋዬ እጁ ሰፊ ነው። ካሳ አልፈልግም አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ አየለች ሆመቾ ሄዳ፣ የሉቃስን እናት ፊት ለፊት አይታ፣ ላሟ ሆድ ውስጥ ምን እንደነበረ በገዛ አፏ ትናገር። ሽማግሌዎቹ፣ «ያረጀ ነገር ነው፣ ሰውዬውም አግብቶ ወልዷል» አሉ። «ስሜ እኔ ጋ አላረጀም» አልኳቸው። ለማርታ ስልክ ደውዬ ስለ ጉድጓዱ ነገርኋት። ከሰማችኝ በኋላ፣ «እማዬ፣ አሁን እኔ ምን ላድርገው?» አለችኝ። ለእሷ ስል እንደሆነ ነገርኋት። «ለእኔ አይደለም» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ሄድን። መኪናው ውስጥ አየለች መስኮቱን ያዘች፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ተስፋዬ ከፊት ነው። ከመንገዱ ግማሽ በኋላ ፊቷን ከመስኮቱ ሳታነሳ፣ «ስወረውር እኮ አላውቀውም ነበር» አለችኝ። «እጄ ነው።»

«እጅሽስ እሺ» አልኋት። «አፍሽስ?»

ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋደመች። ሆመቾ ደረስን።

የሉቃስ እናት ደጃፏ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር፤ በጣም አርጅታለች። የልጅ ልጇ የወለደችውን ሕፃን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። ሉቃስ ሌላ አገር ነው የሚያስተምረው። ወንበር ወጣልን። እኔ የማርታ እናት መሆኔን ተስፋዬ ጮክ ብሎ ነገራት፤ ራሷን ነቀነቀች። አየለች አልተቀመጠችም። በምርኩዟ ቆማ፣ ምንም ሳትቀንስ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ፌስታሉ፣ ስለ እኔ ያወራችው ሁሉ ሐሰት እንደነበር ተናገረች። ይህን ያህል ዓመት የጠበቅሁት ይህ ነበር። ሲነገር ስሰማው አንድ ነገር ከትከሻዬ ይወርዳል ብዬ ጠብቄ ነበር።

አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰማች። «እውነት መናገር ደግ ነው፣ ልጄ» አለቻት። ቀጥላም፣ «ግን የቷ ላም ናት?» ብላ ጠየቀች።

አየለች እንደገና ነገረቻት። አሮጊቷ አሰበች። ላም አታስታውስም። ማርታ የምትባል ልጅም አታስታውስም፤ ሉቃስ ያገባው የአንጋጫ አገር ልጅ ነው፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ሌላ የታጨችለት አልነበረችም አለች። በክፋት አይደለም፤ ዓይኗ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች፤ ዘንድሮ ዘግይቷል፣ በቆሎው ሳይዝ ሊቀር ነው። ለመሰናበት ተነሥቼ ጎንበስ አልሁ። ሕፃኑ ከእንቅልፉ ነቅቶ ዓይኑን ገልጦ አየኝ፤ እኔም አየሁት። አሮጊቷ ለአየለች ስለ በቆሎው ማውራቷን ሳታቋርጥ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ነጠላዋን በእጇ ሳብ አድርጋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነች።

አየለችም አይታለች። እኔ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ።